ሥራቸው የት እንዳለ ይወቁ፦ ለወጣት የኮምፒውተር መምህርት የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መሠረታዊ የኮምፒውተር ትምህርት እንድትሰጪ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «የጀማሪ ሥራ ነው የሰጡሽ» የሚልሽ ባልደረባ አይጠፋም። አትስሚው። ተማሪው ዛሬ ከአንቺ የሚማረውን ነገ ሌላ ክፍል ይዞት ይገባል። የላብ ሪፖርቱን የሚጽፈው፣ ለሴሚስተሩ የሚመዘገበው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በኮምፒውተር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው ስክሪን ፊት ተቀምጦ ነው። ትምህርቱን አብጠርጥሮ እያወቀ ማውዙ አልታዘዝ ብሎት ደቂቃ የሚያልቅበት ተማሪ ሊኖር አይገባም።

ከዚህ በታች የምዘረዝርልሽ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል። ተማሪ ኮምፒውተር ያውቃል የምለው የገዛ ሥራው የት እንዳለ፣ በምን መልክ እንደተቀመጠ፣ ማን ሊያየው እንደሚችልና ቢጠፋ በምን እንደሚመልሰው ሲያውቅ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ በሰው እጅ ይኖራል። ከግቢው በር ውጭ ላለ ጽሕፈት ቤት ከፍሎ ያስተይባል፤ ጓደኛው ይመዘግብለታል፤ ሥራውም ፓስወርዱም ሰው ዘንድ ይቀራል። አንቺ የምትደክሚው ተማሪው የሥራው ባለቤት እንዲሆን ነው። እያንዳንዱን ምክሬን ከዚህ ጋር እያያዝሽ አንብቢው።

1. ማን ፊትሽ እንደተቀመጠ ሳታውቂ አትጀምሪ።

«ኮምፒውተር የሚችል እጁን ያውጣ» ብለሽ አትጠይቂ። የማይችለው አፍሮ እጁን ያወጣል፤ የሚችለውም ጉራ እንዳይመስልበት ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አለማወቁን የደበቀ ተማሪም ሴሚስተሩን ሙሉ ከጓደኛው ትከሻ ጀርባ ቆሞ ያሳልፋል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሥራ ስጪያቸው፦ ማሽኑን ክፈቱ፣ ስለመጣችሁበት ቦታ ሦስት መስመር ጻፉ፣ በስማችሁ ፎልደር ፍጠሩና እዚያ አስቀምጡት፣ ዝጉት፣ እንደገና አግኙት። ማርክ እንደሌለው ንገሪያቸው። ከዚያ በመደዳው መካከል ተመላለሺና እጃቸውን እዪ። በአንድ ጣት የሚተይበውን፣ ማውዙን አየር ላይ የያዘውን፣ ስክሪኑን እንደ ስልክ በጣቱ የሚነካውን ታውቂያለሽ።

በአንድ ክፍል ውስጥ ከልጅነቱ ላፕቶፕ ይዞ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅና አይሲቲን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የወረዳ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ብሔራዊ ፈተናውን አልፈው የመጡ ብርቱ ልጆች ናቸው። የለያያቸው ማሽን የማግኘት ዕድል ብቻ ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያው ሰዓት ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። ደግሞም ምንም አያውቁም ብለሽ አትነሺ። በቴሌብር ገንዘብ ይልካሉ፣ በቴሌግራም መጽሐፍ ይለዋወጣሉ። የሚያውቁትን ስልክ ወደማያውቁት ኮምፒውተር መሻገሪያ አድርጊው።

2. ከእጅ ጀምሪ፤ ታሪኩ ይደርሳል።

ብዙው የማስተማሪያ ሰነድ በኮምፒውተር ትውልዶች ይጀምራል፦ ቫኪዩም ቲዩብ፣ ትራንዚስተር፣ አይሲ፣ ማይክሮፕሮሰሰር። እ.ኤ.አ. በ1946 ይፋ የሆነውን ኤኒያክን ተማሪዎችሽ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሸምድደውታል። የጎደላቸው የእጅ ልምምድ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን የላብ ሰዓታት ሳትሳሺ ለማውዝና ለኪቦርድ ስጪ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የወጣው ሶሊቴር የተባለው የካርታ ጨዋታ ይዞ መጎተትንና መልቀቅን ሳይታወቅ ያስለምዳል። ፔይንት ላይ ያደጉበትን ቤት መሣልም እንዲሁ። አንድ ጊዜ መጫንና ሁለት ጊዜ መጫን የሚለያዩበትን፣ የቀኙ ቁልፍ የሚያመጣውን ዝርዝር፣ ካፕስ ሎክ በርቶ ሲረሳ ትክክለኛው ፓስወርድ ለምን አልገባም እንደሚል በሥራ ይዩት።

በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ኪቦርዱን ሳያዩ እንዲተይቡ አድርጊ። ኤፍ እና ጄ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣታቸው አግኝተው እጃቸውን እዚያ ማሳረፍ ይልመዱ። መጀመሪያ ላይ በሁለት ጣት ከሚጽፉት ይልቅ ይዘገያሉ፤ ይማረራሉም። ጽኚ። የመተየብ ቅልጥፍና ያለው ተማሪ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያርማል፤ ሐሳቡም ከጽሕፈት ቤት ወረፋ ነጻ ይወጣል።

3. ፋይል ሳይገባቸው ወደ ሌላ አትለፊ።

የሁሉም ምክሬ እምብርት ይህ ነው። ስልክ ፋይልን ከሰው ይሰውራል። ፎቶው በጋለሪ፣ ዘፈኑ በማጫወቻው፣ የሌክቸር ኖቱ በቴሌግራም ቻናል ውስጥ ይታያል፤ «የት ተቀምጧል?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ልጆቹ ያደጉት ሁሉ ነገር በመተግበሪያው ሆድ ውስጥ እንዳለ እያመኑ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡም «ጽሑፋችሁ የት ነው?» ስትያቸው «ወርድ ውስጥ» ይሉሻል። ይህን እምነት ሳትነቅይ ወደፊት ከሄድሽ በላዩ የምትገነቢው ሁሉ ይፈርሳል።

ፋይሉና ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሥራ አሳዪ። አንድ ጽሑፍ በወርድ ያስቀምጡ፤ ያንኑ በሊብሬኦፊስ ይክፈቱት፤ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ለማረም ይሞክሩ። ሴቭ እና ሴቭ አዝ የሚለያዩበትን ሁለት ቅጂ ፈጥረው ይዩት። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ቅጥያ ተደብቃ ከሆነ እንድትታይ ማድረጉን አስተምሪያቸው፤ ዶክኤክስን ከፒዲኤፍ፣ ፒዲኤፍን ከኢኤክስኢ በዓይናቸው ይለዩ። አንድ ቀን «የውጤት ዝርዝር» የሚል ስም ይዞ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ፋይል ሲላክላቸው እንዳይከፍቱት የሚያደርጋቸው ይህች እውቀት ናት።

ስም አወጣጥንም ቸል አትበዪ። «አሳይመንት አዲስ የመጨረሻ 2» የተባለ ፋይል ባለቤቱን ራሱን ያሳስታል። ዓመቱን በአራት አኃዝ፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ ያስቀድሙ፤ ከዚያ የትምህርቱ ስም፣ ከዚያ የራሳቸው ስም ይከተል። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ራሳቸው ይሰለፋሉ።

ከዚያ ፈትኛቸው። ሥራቸውን በፍላሽ ወይም በኢሜይል ይያዙ፣ ወንበር ይቀያየሩ፣ በሌላ ማሽን ላይ ከፍተው ያሳዩሽ። ዲፕ ፍሪዝን የመሰለ ፕሮግራም የተጫነባቸው ላቦች አሉ፤ እዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ወደተቆለፈበት መልኩ ይመለሳል፣ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠውም አብሮ ይጠፋል። የአንቺ ላብ እንዲህ ከሆነ ቀድመሽ ከነምክንያቱ ንገሪያቸው፤ እያዩም አድርጊው። ያልተነገረው ተማሪ «ኮምፒውተር አይታመንም» ብሎ ይወጣል። የተነገረው ግን ማሽኑ የሁሉ፣ ፋይሉ የእሱ መሆኑን ይዞ ይሄዳል።

4. መብራት ይሄዳል ብለው ይሥሩ።

በአገራችን መብራት መሄዱ የታወቀ ነው፤ ላቡ ውስጥ ያለው ዩፒኤስ ሁሉ የሚሠራ ባትሪ አለው ብለሽም አትተማመኚ። ስለዚህ ኮንትሮል ኤስን የጣት ልማድ አድርጊላቸው፤ አንቀጽ በጨረሱ ቁጥር ይጫኑት። ወርድ ለማገገሚያ ብሎ ራሱ የሚይዘው ቅጂ ካልተቀየረ በስተቀር በየ10 ደቂቃው ነው፤ በመካከል ያለው ሥራ የሚተርፈው በተማሪው እጅ ብቻ ነው። አንዳንዴ ትምህርቱ መካከል ላይ «አሁን መብራት ቢሄድ ስንት መስመር ይጠፋባችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በየስክሪናቸው ያገኙታል።

ለትልቅ ሥራ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም ይችለዋል፤ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በኢሜይል ለራሱ ልኮ፣ አንዱን በስልኩ ላይ ይይዛል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዞ በምረቃ ዋዜማ የጠፋበት ተማሪ ሲያለቅስ አይቼ አውቃለሁ። ዓመት የተደከመበት ሥራ በአንዲት ጣት በምታህል ዕቃ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ስለ ፍላሽ ከተነሣ፣ ከፕሪንት ቤት ወደ ላብ፣ ከላብ ወደ ዶርም የሚዘዋወረውን ቫይረስ አስተምሪያቸው። ፎልደሮቹ በድንገት ሁሉም ሾርትከት ሆነው ሲታዩ ተማሪው ፋይሎቹ የጠፉ ይመስለዋል፣ ደንግጦም ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሎቹ ተደብቀው እዚያው አሉ። ሾርትከቱን አለመጫን፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፣ ሥራውን ወደ ንጹሕ ቦታ መቅዳት፣ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ማጽዳት፦ ይህን ቅደም ተከተል በቃላቸው ይያዙት።

5. በገዛ ፊደላቸው በትክክል መጻፍን አስተምሪ።

አማርኛ መተየብ የሚችል ተማሪ ብዙ አለ፤ የተየበው ነገር በምን መልክ እንደተቀመጠ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የድሮ አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ የላቲን ምልክቶች ስብስብ ነው። ያ ፎንት ወደሌለበት ማሽን ሲሄድ ትርጉም አልባ ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ በአማርኛ ቢፈልጉትም አይገኝም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ካገኘ ወዲህ ይህ ችግር መቅረት ነበረበት። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል፤ አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ኪይማን የተባለው የመተየቢያ ፕሮግራምም ያለ ክፍያ ተጭኖ በዩኒኮድ ያስተይባል። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የድሮው አሠራር ዛሬም ያጋጥማል። መለያውን አሳዪያቸው፦ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ይቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ቁርጥራጭ ከተለወጠ ያ ሥራ አደጋ ላይ ነው።

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ዋጋቸው ግን ትልቅ የሆነ ልማዶችን ጨምሪ። አንደኛ፣ አራት ነጥብን በአንድ ምልክት «።» ይጻፏት። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ለዓይን አንድ ቢመስልም ለማሽኑ ሁለት ነጠላ ምልክቶች ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ ማለቁንም አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን የቀላቀለ ተማሪ ኮንትሮል ኤፍ ብሎ ሲፈልግ ግማሹን ብቻ ያገኛል። የስሙን አጻጻፍ በየቦታው የሚለዋውጥ ተማሪም በዝርዝር ውስጥ ራሱን ያጣል። አንድ ሆሄ መርጦ በእሱ መጽናት ከእንግዲህ የፈለጉትን የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ሆኗል።

በክፍልሽ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ አፉን የፈታበት ተማሪ ይኖራል። ስታብራሪ ተማሪው በሚረዳው ቋንቋ አብራሪ፤ ስክሪኑ ላይ የሚያየውን ቃል ግን እንዳለ ይወቀው። «አስቀምጥ» ብለሽ ካስረዳሽ በኋላ «ሴቭ» የሚለውን በእጅሽ አመልክቺ። የሚገባው በቋንቋው፣ የሚሠራው በስክሪኑ ነው።

6. ስም፣ ቀንና ሰዓት ላይ ቆም በዪ።

ከውጭ የመጣ የማስተማሪያ መጽሐፍ ይህን አይነግርሽም። ኢሜይል ሲከፍቱ፣ ለነጻ ትምህርት ዕድል ሲያመለክቱ ቅጹ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ተማሪው አንዱ ጋ የአባቱን፣ ሌላው ጋ የአያቱን ስም ከሞላ፣ በላቲን ፊደል ሲጽፈውም አንዴ በአንድ ኤስ አንዴ በሁለት ኤስ ካደረገው፣ ዶክመንቶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ። በብሔራዊ ፈተና ውጤታቸውና በመታወቂያቸው ላይ ያለውን አጻጻፍ አመሳክረው አንዱን ይምረጡ፣ ይጻፉት፣ ከዚያም ሁልጊዜ ይጠቀሙበት።

ቀንም እንዲሁ ነው። ኤክሴል የሚያስገቡለትን ቀን የሚረዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለውም። ቀን ከወር በሚቀድምበት አቀማመጥ ጥቅምት 28ን በቁጥር 28/2 ብለው ቢያስገቡት የካቲት ውስጥ የሚውለው የፈረንጆች ፌብሯሪ 28 አድርጎ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለው ሲያስገቡት ግን ፌብሯሪ 30 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉም ይበላሻል። መፍትሔው ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ፣ ወይም ቀድሞ ወደ ፈረንጅ ለውጦ ማስገባትና በዓምዱ ራስ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ነው።

ሰዓቱማ ዕድል ያሳጣል። ማስታወቂያው «8:00» ሲል ጠዋት ከሆነ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ የጠበቀ ተማሪ 6 ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። 11:59 ፒኤም የሚለው ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ኤኤምና ፒኤምን ወደ እኛ ሰዓት እየለወጡ አሳይመንት እንዲያስረክቡ አድርጊ፤ ከአንቺ ጋር ተሳስተው ይማሩት።

7. ኤክሴልን በራሳቸው ውጤት አስተምሪ።

በማያውቁት ኩባንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ አትጀምሪ። ለተማሪ ከጂፒኤው የሚቀርበው ቁጥር የለም። በአንድ ዓምድ የትምህርቱን ክሬዲት፣ በሌላው የግሬዱን ነጥብ ይጻፉ፤ ኤ 4፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3። ሁለቱን አባዝተው በሦስተኛው ዓምድ ያስቀምጡ፣ ይደምሩት፣ ለጠቅላላ ክሬዲቱ ያካፍሉት። ከዚያ አንዱን ቢ ወደ ኤ ይለውጡትና መልሱ ራሱ ሲቀየር ይዩ። ቀመር ማለት ምን እንደሆነ የሚገባቸው በዚያች ቅጽበት ነው። ካልኩሌተር ላይ ሠርቶ ውጤቱን ኤክሴል ውስጥ የሚተይብ ተማሪ ሠንጠረዡን እንደ ወረቀት ነው የተጠቀመበት።

አንድ ሕግ በደንብ አጥብቂላቸው፦ አንድ ሴል አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። «500 ብር» ብለው ቢጽፉ ማሽኑ ጽሑፍ ነው ብሎ አይደምረውም። ቁጥሩ በሴሉ፣ «ብር» የሚለው በዓምዱ ራስ ይሁን። የጤና ተማሪው የታካሚ መረጃ፣ የግብርና ተማሪው የማሳ ምርት ሲሰበስብ ይህችን ሕግ ካወቀ ከወራት ድካም ይድናል።

8. ማውዙ በማን እጅ እንዳለ ተመልከቺ።

ኮምፒውተር ሲያንስ ሁለትና ሦስት ተማሪ በአንድ ማሽን ይቀመጣል። ያን ጊዜ ማውዙን የሚይዘው ቀድሞ የሚያውቀው ነው። ብዙ ጊዜ ወንዱ ይይዛል፣ ሴቷ ኖት ትጽፋለች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያወቀው ይበልጥ ያውቃል፣ ያላወቀችውም ባለችበት ትቀራለች። ይህ በራሱ አይስተካከልም፤ በሰዓት አስተካክዪው። በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ። ያልያዘው በቃል ይምራ፣ የያዘው ይሥራ፤ ከተራው ውጭ ማውዝ መንካት ክልክል ይሁን።

ይህ ክልከላ ለአንቺም ነው። ተማሪው ሲቸገር ማውዙን ተቀብሎ በሁለት ሰከንድ መጨረስ ያጓጓል። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ስንደዶው በልጁ እጅ ነው፤ ልጁ ቢሳሳት ስንደዶውን ነጥቀው እሳቸው አይቆጥሩለትም። አንቺም በቃል ምሪ፣ እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ።

ማየት የተሳነው ተማሪ በክፍልሽ ካለ ትምህርቱ የእሱም ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን አንባቢ ያለ ክፍያ ይገኛል። ማሽኑ ላይ ቀድመሽ ጫኚው፤ በማውዝ የምታሳዪውን ሁሉ በኪቦርድ ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ አዘጋጂ። «እዚህ ጋ ተጫኑ» ማለትን ትተሽ የቁልፉን ስም ጥሪ። ለእሱ ብለሽ የምታደርጊው ለሁሉም ይጠቅማል።

9. የስሕተት መልእክትን ማንበብ አስለምጂ።

አንዲት አዲስ ተማሪ መልእክት ብቅ ሲል ሳታነብ ኦኬ ትጫናለች ወይም እጇን አንሥታ ትጠራሻለች። «ምን ይላል? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» በያት። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው አለ፦ ፍላሹ ሞልቷል፣ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል፣ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ። የማይገባት ከሆነ መልእክቱን እንዳለ ገልብጣ ኢንተርኔት ላይ ትፈልገው። ፍርሃታቸውን ደግሞ በእውቀት አቅልዪው። ምን ቢነኩ እንደማይበላሽ፣ ኮንትሮል ዚ ምን እንደሚመልስ፣ ከመጫናቸው በፊት ቆም ማለት ያለባቸው ማጥፋትና ፎርማት ማድረግ ላይ መሆኑን ንገሪያቸው። ያለ አስተማሪ የሚማር ሰው የሚሠራው ከዚህ ልማድ ነው።

10. ሥራቸውን ማን እንደሚያየው ይወቁ።

የጓደኛን ፓስወርድ ማወቅ በዶርም ውስጥ የፍቅር ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ኮርስ ይመዘግብልኛል፣ ውጤት ያይልኛል ብሎ የተማሪ ፖርታሉን ቁልፍ የሰጠ ተማሪ ሲጣሉ ምን እንደሚሆን አያስብም። ረጅም ፓስወርድ ከጥቂት ቃላት መሥራትን፣ ለኢሜይሉ ያደረገውን ለሌላ አለመድገምን፣ ከኢንተርኔት ቤት ሲነሡ ሎግ አውት ማለትን በላብ አለማምጂ። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ በስልካቸው ሲመጣ «ላክልኝ» ለሚል ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ አይስጡ፤ ብዙ ጊዜ የወንድምየው አካውንት ቀድሞ ተወስዷል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን እዚያው ክፍል ውስጥ ያብሩት።

ሕግም እንዳለ ይወቁ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ወንጀል ነው፤ «ለቀልድ ነው» ማለት አያድንም። የግል መረጃን ስለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃቸው በማንም እጅ እንዳሻው የሚደረግ እንዳልሆነ ይናገራል። መብታቸውንም ግዴታቸውንም ከአንቺ ይስሙ።

11. ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከመሠረቱ በኋላ አምጪ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከጋራ ትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያን ይማራል፤ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የነገሮች ኢንተርኔት አሉበት። ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ስለ ዳታ ሳይንስ ፈተና ተፈትኖ ኤ ያገኘ ልጅ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠ ካላወቀ ትምህርቱ ከእጁ ጋር አልተዋወቀም።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ከወጣ ወዲህ ተማሪዎችሽ በስልካቸው ይጠቀሙበታል፤ ክልከላ ብቻውን አያዋጣም። አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይጠይቁትና መልሶቹን ያነጻጽሩ። የመጻሕፍት ዋቢ እንዲሰጣቸው ይጠይቁና እያንዳንዱን በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ይፈልጉት፤ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው ፈጥሮ የሚሰጥበት ጊዜ እንዳለ በገዛ እጃቸው ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ሕግሽ ግልጽ ይሁን፦ በቃል ሊያስረዳው ያልቻለ ተማሪ ያስረከበው ጽሑፍ የእሱ አይደለም።

12. የሠሩትን እንጂ የሸመደዱትን አትመዝኚ።

«ራም ምንድን ነው?» ብለሽ አራት ምርጫ ብትደረድሪ ሁሉም ይመልሱልሻል። የምትጠይቂው የሚማሩትን ይወስናል፤ ስለዚህ ፈተናውን በማሽኑ ላይ አድርጊው። የተበላሸ ፋይል ስጪና ያስተካክሉት፤ በተሳሳተ ስም የተቀመጠ ጽሑፍ ያፈላልጉ፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ አንቀጽ ለይተው ያውጡ፤ ሠንጠረዥ ሠርተው በፒዲኤፍ ይላኩልሽ። ተማሪው ብዙ፣ ማሽኑ ጥቂት ከሆነ በፈረቃ ፈትኚ። አድካሚ ነው፤ እውነቱን ግን ይነግርሻል። መብራት በሄደ ቀንም ክፍሉን አትበትኚ። በየስልካቸው ፋይል ማኔጀሩን ይክፈቱ፣ ከቴሌግራም ያወረዱት መጽሐፍ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ ይፈልጉ፣ በትምህርት ዓይነት ለይተው ያስቀምጡት። ስለ ፋይል ያስተማርሽው ትምህርት በእጃቸው ባለው ማሽን ላይ ሲሠራ ያያሉ።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር አትጨርሺውም። ጊዜ ቢያጥርሽ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አሥረኛውን አትቀንሺ፤ ፋይሉን ማወቅ፣ ሥራን ማትረፍ፣ ቁልፍን መጠበቅ። ሌላውን በኋላ ራሳቸው ይደርሱበታል። በሁለተኛው ሴሚስተር ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱን ግቢ ውስጥ ስታገኚው «ባለፈው የጻፍከው ሥራ የት አለ?» ብለሽ ጠይቂው። ሳይጨነቅ ከፍቶ ካሳየሽ አስተምረሻል። ካላሳየሽ ደግሞ ለሚመጡት ተማሪዎች ምኑን እንደምታጠብቂ ነግሮሻል። ልፋትሽን ፍሬያማ ያድርግልሽ፤ ያስተማርሻቸው ልጆች ነገ ታናናሾቻቸውን ማውዝ አስይዘው የሚያስተምሩ ይሁኑልሽ።